ስኳር በኪሎ ገዝቶ በብርጭቆ ለሚለካ

ባለሱቁ ስኳርን የሚያውቀው በኪሎ ነው። እቤት ከገባ በኋላ ግን ኪሎ የሚባል ነገር የለም፤ ለሻይ በማንኪያ፣ ለኬክ በብርጭቆ፣ ለሌላው ደግሞ እጅ እንደመራ ነው። አሜሪካ ያለች የአክስት ልጅ በቴሌግራም የላከችው የኬክ አሠራር «አንድ ተኩል ካፕ ስኳር» ይላል። ከቤይሩት የተመለሰች ጎረቤት ደብተር ላይ ደግሞ «300 ግራም» ተብሎ ተጽፏል። ሁለቱ ያው አንድ መጠን መሆናቸውን ልብ የሚል ጥቂት ነው።

እዚህ ደብረ ብርሃን ላይ ሌላም ጣጣ አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች፣ ቆላ አገር ተሞክሮ የተጻፈ የስኳር መጠን በትክክል ተለክቶ ቢገባ እንኳ ኬኩ መጀመሪያ ተነፍቶ ኋላ መሐሉ ሊሰምጥ ይችላል። ስለዚህ ሥራው ሁለት ነው፤ መጀመሪያ ግራሙን ወደ ብርጭቆ ማምጣት፣ ከዚያ መጠኑን ለደጋው ማስተካከል።

ሚዛን ያለው ሰው ይህን ጽሑፍ እስከ ግማሹ ዘልሎ ማንበብ ይችላል። ለሌለው ግን ያልተከፈተ የግማሽ ሊትር ውሃ፣ አንድ ኪሎ ስኳር፣ ዘወትር የሚጠቀሙበት ብርጭቆና ማንኪያ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል።

ብርጭቆዎን ይወቁ

እቤት ካሉት ብርጭቆዎች አንዱን ይምረጡና ከእንግዲህ መለኪያው እሱ ይሁን። ጎኑ ከታች እስከ ላይ ቀጥ ያለ ቢሆን ይመረጣል። ከታች ጠበብ፣ ከላይ ሰፋ የሚል ብርጭቆ ሙሉውን ሲለኩበት ችግር የለውም፤ «ግማሽ ብርጭቆ» ሲባል ግን ዓይን የሚያየው ግማሽ ከእውነተኛው ግማሽ ያነሰ ነው። ቁመቱን ለሁለት ከፍለው እስከ መሐሉ ቢሞሉት የጎደለው ክፍል ከሞላው ይበልጣል።

አሁን ያልተከፈተውን የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይክፈቱ። 500 ሚሊ ሊትር የሚባለው ፋብሪካው ሞልቶ ያሸገው ውሃ ነው፤ ባዶውን ፕላስቲክ ከቧንቧ እስከ አንገቱ ጢም አድርገው ቢሞሉት ከ500 ያልፋል። ስለዚህ ለዚህ ሥራ የታሸገው ይሻላል፤ ውሃው እንደሆነ ተለክቶ ሲያበቃ ይጠጣል። ብርጭቆውን እስከ አፉ እየሞሉ ወደ ንጹሕ ጆግ ይገልብጡና ስንት ጊዜ እንደሞላ ይቁጠሩ። ከዚያ 500ን ለቁጥሩ ያካፍሉ። ሁለት ብርጭቆ ከግማሽ ከሞላ ብርጭቆዎ 200 ሚሊ ሊትር ይይዛል ማለት ነው። ሁለት ብቻ ከሞላ 250 ነው። የመጨረሻው ብርጭቆ ግማሽ ይሁን ሩብ ማወቅ ካቃተዎ የቀረውን በሾርባ ማንኪያ እየጨለፉ ይቁጠሩት።

እቤት ሕፃን ካለ ሥራው ይቀልላል። የጡጦው ጎን ላይ ሚሊ ሊትሩ በመስመር ተጽፏል፤ ብርጭቆውን ውሃ ሞልቶ ወደ ጡጦው ገልብጦ ማንበብ ብቻ ነው። ለማንኪያ ደግሞ ከፋርማሲ የሚገዛ መርፌ የሌለው አዲስ ሲሪንጅ፣ ወይም ከልጆች ሽሮፕ ጋር የምትመጣው ትንሽ ፕላስቲክ ሲኒ ታገለግላለች። የምግብ አሠራር መጻሕፍት «የሻይ ማንኪያ» ሲሉ 5 ሚሊ ሊትር፣ «የሾርባ ማንኪያ» ሲሉ 15 ሚሊ ሊትር ማለታቸው ነው። ከገበያ የተገዛ ማንኪያ ግን ይህን ሕግ አያውቅም፤ አንዱ የሾርባ ማንኪያ 10 ሲይዝ ሌላው 15 ይይዛል። በሲሪንጁ ውሃ እያንጠባጠቡ ማንኪያው እስኪሞላ ይመልከቱና የራስዎን ቁጥር ይጻፉ። ለቡና ሲኒም እንዲሁ ያድርጉ፤ «አንድ ሲኒ ስኳር» የሚል የጎረቤት አሠራር ብዙ ስለሆነ ድካሙ ከንቱ አይቀርም።

ከሚሊ ሊትር ወደ ግራም

ውሃ ላይ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 1 ሚሊ ሊትር 1 ግራም ይመዝናል። ስኳር ላይ እንደዚያ አይሄድም። የስኳሩ ፍሬ ራሱ ከውሃ ይከብዳል፤ ተመሳሳይ መጠን ካለው ውሃ አንድ ተኩል እጥፍ ይበልጣል። ነገር ግን ብርጭቆ ውስጥ ሲፈስ በፍሬዎቹ መካከል አየር ይቀራል። ጣሳ ሙሉ ጠጠር ላይ ውሃ ሲያፈሱ፣ ሞልቷል ያሉት ጣሳ ገና ብዙ ውሃ እንደሚቀበለው ማለት ነው። ስኳር ውስጥ ይህ ክፍት ቦታ ወደ ግማሽ ይጠጋል። በመጨረሻ የሚወጣው ሒሳብ እንዲህ ነው፦ 1 ሚሊ ሊትር ተራ ስኳር 0.85 ግራም ገደማ ይመዝናል።

ካልኩሌተር ለሌለው፣ ከእያንዳንዱ 100 ሚሊ ሊትር ላይ 15 ይቀንሱ። የ200 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ 170 ግራም ስኳር ይይዛል፤ የ250ው ደግሞ 212። መጽሐፉ በግራም ጽፎ ብርጭቆውን ማወቅ ሲፈልጉ ግራሙን ብርጭቆው በሚይዘው ግራም ያካፍሉት፤ 340 ግራም ለ170 ሲካፈል ሁለት ብርጭቆ ነው።

ያለ ውሃም ይቻላል። የአንድ ኪሎውን ስኳር ፌስታል ይፍቱና በመረጡት ብርጭቆ እየለኩ ወደ ንጹሕ ዕቃ ይገልብጡ። 1,000ን ለወጣው የብርጭቆ ቁጥር ያካፍሉ፤ መልሱ አንድ ብርጭቆ ስንት ግራም እንደሚይዝ ነው።

እኔ የምመክረው ግን ሁለቱንም እንዲያደርጉ ነው፤ ምክንያቱም ከሁለቱ መንገዶች አንዱ ለሌላው ምስክር ይሆናል። ውሃው ብርጭቆዎ 200 ሚሊ ሊትር ነው ካለ፣ ኪሎው ስኳር ስድስት ብርጭቆ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ማለቅ አለበት። አምስት ብርጭቆ ላይ ካለቀ የተገዛው 850 ግራም ነው እንጂ ኪሎ አይደለም። ለፍርድ ግን አይቸኩሉ። ፍሬው ጎላ ያለ ስኳርና ደቃቅ ስኳር እኩል አይታሸጉም፤ የመተሐራም ይሁን የፊንጫው የአገር ቤት ስኳር ብዙ ጊዜ ከውጭ ከሚገባው ነጭ ደቃቅ ስኳር ጎላ ይላል። በዚህ ምክንያት ሩብ ብርጭቆ ቢበልጥ ወይም ቢያንስ የፍሬው ጉዳይ ነው። አንድ ሙሉ ብርጭቆ ሲጎድል ግን የሚዛን ጉዳይ ነውና በሚቀጥለው ጊዜ ሸማቾች ማኅበር ወይም ሌላ ሱቅ ይሞክሩ።

አለካኩ ላይ አንድ ደንብ ይያዙ። ስኳሩን በማንኪያ ወይም በጭልፋ እያነሱ ወደ ብርጭቆው ያፍስሱ፤ ሲሞላ በቢላ ጀርባ ከአፉ ጋር እኩል አድርገው ይጥረጉት። ብርጭቆውን ጠረጴዛ ላይ አያንኳኩት፣ አይነቅንቁትም፤ ሲንኳኳ ፍሬው ይጠጋጋና ተጨማሪ ስኳር ይቀበላል። ማንኪያም እንደዚሁ ነው። ከአፉ ጋር የተስተካከለ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ገደማ ሲይዝ፣ ሻይ ላይ የለመድነው ቁልል ብሎ የሚነሣው ማንኪያ 7 ግራም ሊደርስ ይችላል። የምግብ አሠራር ሁልጊዜ የሚናገረው ስለተስተካከለው ነው።

ካፕ ሲባል የትኛው

የአሜሪካው ካፕ 237 ሚሊ ሊትር ነው፤ ስኳር ሲሆን 200 ግራም። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ቁጥር ብቻ የሚይዙ ከሆነ ይህን ይያዙ፤ አንድ ኪሎ ስኳር አምስት የአሜሪካ ካፕ ነው። ግማሽ ኪሎ ሁለት ተኩል፣ ሩብ ኪሎ ደግሞ አንድ ከሩብ። ሲከፋፈል ሦስት አራተኛ ካፕ 150 ግራም፣ ግማሽ ካፕ 100፣ ሲሶ ካፕ 67፣ ሩብ ካፕ 50 ይሆናል። አንድ ካፕ 16 የሾርባ ማንኪያ ስለሆነ፣ 15 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ማንኪያ 12 ተኩል ግራም ስኳር ይይዛል።

አውስትራሊያ ውስጥ ካፕ ሲሉ 250 ሚሊ ሊትር ነው፤ ስኳሩ 210 ግራም ገደማ ይሆናል። ጃፓኖች ደግሞ 200 ሚሊ ሊትሩን ካፕ ይሉታል። የአሜሪካና የአውስትራሊያ ልዩነት ብዙ ሊያስጨንቅ አይገባም፤ በ10 ግራም የተበላሸ ኬክ የለም። ኬክ የሚያበላሸው ካፕ የሚለውን አይቶ ከመደርደሪያ የመጣለትን ኩባያ ማንሣት ነው። ትልቁ የሻይ ኩባያ 350 ሚሊ ሊትር ከያዘ፣ 200 ግራም ይገባል የተባለው ቦታ 300 ግራም ገባ ማለት ነው።

የድሮ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት በፓውንድና በአውንስ ይናገራሉ። አንድ ፓውንድ 454 ግራም ነው፤ ሁለት ካፕ ከሩብ። አንድ አውንስ 28 ግራም ተኩል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው፤ የወርቅና የብር አንጥረኛ ከሚያውቀው ወቄት ጋር አንድ ነው ቢሉ አይሳሳቱም፤ ወቄት የማሪያ ቴሬዛ ብር ክብደት፣ 28 ግራም ገደማ ነውና።

ሒሳብ ጨርሶ የማያስፈልግበትም ጊዜ አለ። የጎረቤት አሠራር «አንድ ብርጭቆ ስኳር፣ አንድ ብርጭቆ ዘይት፣ ሦስት ብርጭቆ ዱቄት» ካለ ሁሉንም በአንድ ብርጭቆ እስከለኩ ድረስ ብርጭቆው ትንሽ ሆነ ትልቅ ምጥጥኑ አይለወጥም። ችግር የሚመጣው እንቁላል ሲጨመርበት ነው፤ እንቁላል ከብርጭቆ ጋር አያድግም። አራት እንቁላል ከትንሽ ብርጭቆ ጋር የተስማማው፣ ከትልቅ ብርጭቆ ጋር ደረቅ ይሆናል። እንቁላሉ የሐበሻ ዶሮ ከሆነ ደግሞ ከፈረንጁ ስለሚያንስ አንድ ይጨምሩበት።

ግራሙ የስኳር ብቻ ነው

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ብርጭቆዬ 170 ግራም ይይዛል ብሎ ዱቄቱንም በዚያው ያሰላል። ያው የ200 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ ዱቄት ሲሞላ 105 ግራም ገደማ፣ ዘይት ሲሞላ 185፣ ማር ሲሞላ ከ280 በላይ ነው። ኬክ ላይ የሚነሰነሰው የተፈጨ ስኳር ከተራው በጣም ይቀላል፤ 100 ግራም ቢሆን ነው። ቡናማው እርጥብ ስኳር በተቃራኒው ተጠቅጥቆ ስለሚለካ ወደ 185 ይደርሳል። ስለዚህ የተፈጨ ስኳር በሚል ቦታ ተራውን በዚያው ብርጭቆ መተካት መጠኑን ወደ እጥፍ ሊያስጠጋው ምንም አይቀረው።

በስኳር ፈንታ ማር ለማድረግ ለሚፈልግ ደግሞ፣ ከማር ክብደት 80 በመቶው ገደማ ስኳር፣ የቀረው በአብዛኛው ውሃ ነው። አንድ ካፕ ስኳር በሚለው ቦታ ሦስት አራተኛ ካፕ ማር ይበቃል፤ ከወተቱ ወይም ከውሃው ላይ ደግሞ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ይቀንሱ። ተቃራኒውን፣ ማር ተወደደ ብሎ ጠጅን በስኳር መጣልን የሚያደርጉት አሉ። በሒሳቡ አንድ ኪሎ ማር በ800 ግራም ስኳር ይተካል። ፈልቶ ያሰክራል፤ ጠጅ ብሎ ለእንግዳ ማቅረቡ ግን አይዋጥልኝም።

ደጋው ላይ ስኳር ይቀነሳል

ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይሆን በ90 እና በ91 መካከል ነው። ከባሕር ጠለል ወደ ላይ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል እየቀነሰ ይመጣል። ጣርማበርን ወርደው ሸዋ ሮቢት ላይ ቢያፈሉት ወደ 96 ይጠጋል። የአየሩ ግፊትም እዚህ በባሕር ጠለል ካለው 7 አሥረኛ ገደማ ብቻ ነው።

ይህ ከስኳር ጋር የሚገናኘው እንዲህ ነው። ግፊቱ ስለሳሳ በሊጡ ውስጥ ያለው አረፋ ቶሎ ይነፋል፤ ውሃው ቶሎ ይተናል። ውሃው ሲሄድ ስኳሩ ስለሚቀር ሊጡ ውስጥ ይበዛል፤ የበዛ ስኳር ደግሞ እንቁላሉና ዱቄቱ ጸንተው እንዲይዙ አይፈቅድም፣ ያዘገያቸዋል። ኬኩ ሳይጸና ተነፋ፤ የነፋውን የሚሸከምለት አጣና ሰመጠ። ከኦቨን ሲወጣ መሐሉ ጎድጓዳ የሆነ ኬክ ብዙ ጊዜ «አልበሰለም» ይባላል፤ እዚህ ከተማ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ስኳሩና ባኪንግ ፓውደሩ ነው።

ስለዚህ ቆላ አገር የተጻፈ የኬክ አሠራር ሲይዙ ከእያንዳንዱ ካፕ ስኳር ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ ይቀንሱ። በግራም ሲሆን ከየ100ው 15 ማለት ነው። ባኪንግ ፓውደሩን ከአንድ የሻይ ማንኪያ ወደ ሦስት አራተኛ ያውርዱት። ለእያንዳንዱ ካፕ ወተት ወይም ውሃ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ይጨምሩ። የኦቨኑን ሙቀት በ10 ዲግሪ ያህል ከፍ ያድርጉ።

የአክስት ልጅን አሠራር እንውሰድ። አንድ ተኩል ካፕ ስኳር 300 ግራም ነው። ከየ100ው 15 ሲቀነስ 45 ይወጣና 255 ይቀራል። ብርጭቆዎ 170 ግራም የሚይዘው ከሆነ፣ 255 ለ170 አንድ ብርጭቆ ተኩል ነው። ከአሜሪካ ተነሥቶ ደብረ ብርሃን ብርጭቆ ውስጥ የገባው ስኳር በዚህ አበቃ።

አዲስ አበባ ተሞክሮ የተጻፈ አሠራር ከሆነ ብዙ አይነካኩት፤ አዲስ አበባም ደጋ ስለሆነች ሰዎቹ ሳያውቁት አስተካክለውታል። የስኳሩን ቅናሽ በአንድ የሾርባ ማንኪያ ብቻ ይሞክሩት። እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ሰፈር ካለች ሴት የተቀበሉት አሠራር ደግሞ እንዳለ ይሠራል።

ድፎ ዳቦ ላይ ስኳር ሲጨመር ሌላ ፈተና አለ። ብርዱ ሊጡን ያዘገየዋል፣ ያን ጊዜ እርሾውን ለመቀስቀስ ስኳር ማብዛት ይመጣል። ትንሽ ስኳር እርሾውን ያነቃዋል፤ ሲበዛ ግን መልሶ ያደክመዋል። ለአንድ ኪሎ ዱቄት 50 ግራም፣ ማለትም አራት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል፤ ከ100 ግራም አይለፉ። ሊጡ የሚፈልገው ሙቀት ነው፤ ጋቢ አልብሰው ከምድጃው አጠገብ ያስቀምጡት።

ማርማላታና ሽሮፕ

ከሸዋ ሮቢት የሚመጣውን ማንጎ ወይም ፓፓያ በወቅቱ ማርማላታ ለሚያደርግ፣ ለአንድ ኪሎ የተላጠ ፍሬ 700 ግራም ያህል ስኳር ይበቃል፤ በ170 ግራሙ ብርጭቆ አራት ብርጭቆና አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ ነው። ሎሚ ይጨመቅበት። መጽሐፉ ቴርሞሜትሩ 104 ወይም 105 ሲደርስ ያውርዱ ካለ አይስሙት። ማርማላታ የሚረጋው ውሃ ከሚፈላበት አራት ወይም አምስት ዲግሪ ከፍ ሲል ነው፤ እዚህ 95 ላይ ማለት ነው። 105 እስኪደርስ ከጠበቁ ከማሰሮው የሚወጣው ከረሜላ ነው። ቴርሞሜትር የሌለው ቀዝቃዛ ሳህን ላይ ጠብ ያድርግ፤ በጣት ሲገፋ ቆዳው ከተጨማደደ ደርሷል። ቀዝቃዛ ሳህን እንደሆነ ደብረ ብርሃን ውስጥ ፍሪጅ አያስፈልገውም፤ መስኮት ላይ ማሳደር በቂ ነው።

ሽሮፕ ሲሠሩ ደግሞ የዕቃውን መጠን ይጠንቀቁ። አንድ ኪሎ ስኳር በደረቁ ከአንድ ሊትር በላይ ቦታ ይይዛል፤ በአንድ ሊትር ውሃ ሲሟሟ ግን አየሩ ስለሚወጣ ጠቅላላው 1.6 ሊትር ገደማ ነው። የሁለት ሊትር ዕቃ በደንብ ይችለዋል።

ለድግስና ለለቅሶ ቤት

ለ100 ብርጭቆ ሻይ ስንት ስኳር ይገዛ? ለአንድ ብርጭቆ ሁለት የተስተካከለ የሻይ ማንኪያ 8 ግራም ነው፤ ለመቶው 800 ግራም። በቁልል ማንኪያ ከሆነ 14 ግራም፣ ለመቶው አንድ ኪሎ ከ400። እድር ቤት ውስጥ «ስኳሩ የት ሄደ» የሚለው ጭቅጭቅ አንዳንዴ ከዚህ በላይ ምክንያት የለውም። ስኳሩን ማንቆርቆሪያው ውስጥ በብርጭቆ ለክቶ አንዴ መጨመር፣ ስኳር ዕቃውን ከማዞር ይቆጥባል።

ክረምት ላይ፣ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ፣ ስኳር እርጥበት ስቦ ይጓጉላል። የጓጎለ ስኳር በሚዛን ሲመዘን ብዙም አይዛባም፣ በብርጭቆ ሲለካ ግን በጉብታዎቹ መሐል ባዶ ቦታ ስለሚቀር ያንሳል። አድቅቀው በወንፊት ያሳልፉትና ከዚያ ይለኩ። ክዳኑ የሚገጥም ቆርቆሮ ወይም ጣሳ ውስጥ ማስቀመጥ ድካሙን ይቀንሳል።

የብርጭቆዎን፣ የሲኒዎንና የማንኪያዎን ግራም በወረቀት ጽፈው በስኳሩ ጣሳ ክዳን ውስጥ በፕላስተር ይለጥፉት። ብርጭቆው የተሰበረ ዕለት ወረቀቱም ይቀደድ፤ አዲሱ ከዚያው ሱቅ የተገዛ፣ መልኩም ያው ቢሆን እንኳ፣ በውሃ ተለክቶ የራሱ ቁጥር ይጻፍለት።